አልቆም ያለ ሥዕል

ያን ሰው እስከ ዛሬ አልወደውም። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው በኋላ እንዳትታዘቡኝ ነው። ዕድሜ ልብን ያለሰልሳል ይላሉ፤ የኔን አላለሰለሰውም።

ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ነበርን። በትምህርት አንበላለጥም፤ አንዳንዴ እሱ ይቀድመኛል፣ አንዳንዴ እኔ እቀድመዋለሁ። ልንመረቅ ስንል ምሥራቅ አውሮፓ ሄዶ ኮምፒውተር የመማር ዕድል ለሁለታችንም መጣ ተባለ። እሱ ሄደ። እኔን ማን እንዳስቀረኝ አላወቅኩም፤ ለምን እንደቀረሁ ግን ማንም አይጠፋውም። ቤተሰቦቼ ጴንጤ ነበሩ። ቸርቻችን ታሽጎ፣ መጋረጃ በተዘጋበት በሰው ሳሎን ውስጥ በሹክሹክታ የምንዘምርበት ጊዜ ነበር። ጴንጤ መባል ያኔ ስድብ ብቻ አልነበረም፤ ክስም ነበር።

ስለዚህ እሱ በአውሮፕላን ሲሄድ እኔ በአውቶቡስ ወደ ተወለድኩበት ናዝሬት ተመለስኩ። እናቴ ቤት ሆኜ አንድ የመንግሥት እርሻ ድርጅት ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። ድርጅቱ ከአቦምሳ ወዲያ ጀምሮ እስከ ቡልቡላ ድረስ የተበተኑ እርሻዎች ነበሩት፤ ብርቱካን፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት። የትኛው እርሻ ምን እንደለቀመ፣ የትኛው መኪና የት ሄዶ መጫን እንዳለበት፣ ዕቅዱ ምን ያህል እንደተፈጸመ፣ ሁሉም በየሳምንቱ ተጠናቅሮ የሚወጣው ዋናው ቢሮ ካለችው አንዲት ኮምፒውተር ነበር።

ኮምፒውተሯን ያስመጣት እርሻው ከመወረሱ በፊት የነበረው የውጭ አገር ባለቤት ነው። አሜሪካ ሠራሽ ናት። ጠረጴዛ ታህላለች፤ ስትነሳ እንደ ወፍጮ ታጉረመርማለች፤ ጫፏ ላይ የመዳፍ ስፋት ያላት አረንጓዴ ስክሪን አለቻት። የናዝሬት ንፋስ የሚያመጣው አቧራ እንዳይገድላት መስኮቱን ዘግቼ፣ በዚያ ሙቀት እየተጠበስኩ፣ ዓመታት ሠራሁባት። ባሕርይዋን ከሰው ባሕርይ ይልቅ አውቀው ነበር።

ከዚያ እሱ ተምሮ መጣና ኃላፊዬ ሆነ።

መጀመሪያ የገባ ዕለት በሩ ላይ ቆሞ ክፍሉን ዙሪያውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። በተማሪነታችን በቁልምጫ ነበር የሚጠራኝ። ያን ዕለት ግን፣ «ጓድ፣ እዚህ ነሽ እንዴ?» አለኝ፤ የማያውቅ ይመስል።

«እዚህ ነኝ ጓድ ኃላፊ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ተቀላልደን አናውቅም።

አንድ ቀን ከምሳ ስመለስ ክፍሉ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ስክሪኗ ጨልማለች። ኮምፒውተሯ ግን እያጉረመረመች ነው፤ ደህና ናት፣ የጠፋው ዓይኗ ብቻ ነው። የምትፈልገውን ትእዛዝ ሁሉ በቃሌ አውቀው ስለነበር ተቀምጬ መጻፍ ጀመርኩ። ምን እንደጻፍኩ አላይም። ጽፌ ስጨርስ በማተሚያው አስወጣዋለሁ፣ ወረቀቱን አነባለሁ፣ ተሳስቼ ከሆነ እንደገና እጽፋለሁ። ዓይኑን ያጣ ሰው ቤቱ ውስጥ ግድግዳ እየዳሰሰ እንደሚሄደው ማለት ነው። ቀርፋፋ ነበር፤ ግን የሳምንቱ ሪፖርት አልቀረም፣ ቲማቲም የሚጭኑት መኪኖችም አልቆሙም።

ኃላፊው አዲስ ስክሪን ከውጭ እንዲመጣ ሐሳብ አቀረበ። ተምሮበት ከመጣው አገር፣ ትልቅ፣ ባለ ቀለም፣ የዘመኑ። ስብሰባ ላይ ሥዕሉን ከመጽሔት ቆርጦ አሳየን። ሥራ አስኪያጁ፣ ጡረታቸው የደረሰ ዝምተኛ ሰው፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩትና «ያምራል» አሉ።

እጄን አወጣሁ።

«ያምራል፤ ግን አብሮ አይሄድም» አልኩ። «የኛዋ ኮምፒውተር ሥዕሉን በሴኮንድ ስልሳ ጊዜ ነው የምትልከው። ያኛው ስክሪን የተሠራው ሃምሳ ጊዜ ለሚልክ ማሽን ነው። አንዱ ከበሮውን እያፈጠነ ሌላው በዝግታ ቢያጨበጭብ መዝሙሩ ይበላሻል። ይህም እንዲሁ ነው። ወይ እዚያው ሳለ እንዲያስተካክሉልን እንጻፍላቸው፣ ወይ ሌላ እንፈልግ።»

ኃላፊው ፈገግ ብሎ ወደ ሰዎቹ ዞረ።

«ጓዶች፣ ትንቢት ተጀመረ» አለ።

ሳቁ። ሁሉም ሳቁ። ከበሮና መዝሙር ማለቴ ራሱ ስህተት እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ትእዛዙን እሱ ፈርሞ ላከው።

ስክሪኑ በእንጨት ሣጥን ታሽጎ ከወራት በኋላ ደረሰ። ከአዲስ አበባ የበላይ ኃላፊዎች ለጉብኝት ይመጣሉ ተብሎ ነበርና ኃላፊው የመክፈቻ ቀን ያደረገው ያንኑ ቀን ነው። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ብቻ ሆነን አገናኘነው። ስፒናው አልገጠመም። እሱ ሽቦውን ቆርጦ በስታኞ በየደው፤ ብየዳው ንጹሕ ነበር፣ አልዋሽም። ማብሪያውን ተጫነ።

ፊደሎቹ ወጡ፤ ግን አይቆሙም። ገጹ ከታች ወደ ላይ ይሮጣል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይቆረጥና እንደገና ከታች ይመጣል። የመኪና ጎማ ሲሽከረከር እንደማየት ነው። ፊት ለፊት ያሉትን ቁልፎች ሁሉ አዞራቸው። ደመቀ፣ ደበዘዘ፣ መሮጡን ግን አላቆመም።

«ማስተካከያው ውስጥ ነው ያለው» አልኩት። «ጀርባውን እንክፈተውና እንሞክር።»

«ማሸጊያው ይቀደድና ዋስትናው ይጥፋ?»

«እንግዲያውስ ነገ አታሳየው። ሥራ አስኪያጁን ንገራቸውና ይራዘም።»

ክፍሉን ቆልፌ እንድሄድ ነግሮኝ ወጣ። ምናልባት በማግስቱ ሞቅ ሲል ይቆማል ብሎ ተስፋ አድርጎ ይሆናል። የተማረ ሰውም ሲጨንቀው እንደዚያ ያስባል።

በማግስቱ ክፍሏ ሰው ሞላባት። ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ላባቸውን በመሐረብ የሚጠርጉ ሰዎች። ከጉብኝቱ በኋላ ላንጋኖ ምሳ ተዘጋጅቶላቸው ስለነበር ልባቸው እዚያ ነው። ኃላፊው ስለ ሳይንስና ስለ አብዮቱ ረጅም ንግግር አደረገና ስክሪኑን አበራው።

ገጹ ሮጠ።

ከእንግዶቹ አንዱ ወፈር ያለ ሰው፣ «ይሄ ሲኒማ ነው ወይስ ኮምፒውተር?» አለ። ሳቅ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ መሬት መሬት ያያሉ። ኃላፊው ፊቱ ደም መሰለ፤ ቁልፎቹን ነካካ፤ ከዚያ ቀና ብሎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣

«ትናንት በደንብ ይሠራ ነበር። ክፍሉን የቆለፈችው እሷ ናት» አለ።

ዓይኖች ሁሉ ወደኔ ዞሩ። «ውሸት ነው፣ ትናንትም እንዲሁ ነበር» አልኩ። ድምፄ ግን ለራሴም ቀጥኖ ተሰማኝ። እንግዶቹ ወደ መኪኖቻቸው ሄዱ።

እሱ ከእንግዶቹ ጋር ላንጋኖ አልሄደም። ሁሉም ሲወጡ ተመልሶ መጣና በሩን ዘጋ። የሚጮህብኝ መስሎኝ ነበር። አልጮኸም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ልክ ነበርሽ» አለኝ። «ስልሳና ሃምሳ። እኔም አውቀዋለሁ፣ አብረን አይደል የተማርነው? ያስተካክሉልኛል ብዬ ነበር፤ አላስተካከሉም።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አልክ?»

«ምን ልበል? ከውጭ ያስመጣሁት እኔ ነኝ። የፈረምኩት እኔ ነኝ። ከሁለታችን አንዳችን ይህን ነገር መሸከም አለብን።» ጣቱን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳ ቆየ። «አንቺ ድሮም የተጠረጠርሽ ነሽ። አንቺ ላይ ሲሆን ማንም አይገርመውም። እኔ ከወደቅኩ ግን መነሻ የለኝም።»

ይህን ሲለኝ ድምፁ ለስላሳ ነበር። እንደ ጓደኛ ሊያስረዳኝ ነው የሞከረው። በሕይወቴ ብዙ ክፉ ቃል ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ በእርጋታ የተነገረ ግን አልሰማሁም። ቢሰድበኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

«ውጣልኝ» አልኩት።

«ስብሰባው ላይ ግለ ሂስ አድርጊ። ጥፋቴ ነው በይ። በማስጠንቀቂያ እንዲያልፉሽ አደርጋለሁ።»

«ውጣልኝ አልኩህ!»

ያኔ ሂስና ግለ ሂስ የሚሉት ስብሰባ ነበር። ሰው ተነስቶ ራሱን ይወቅሳል፣ ሌሎቹም ይጨምሩበታል። በሳምንቱ መጨረሻ አዳራሹ ውስጥ ተነሺ ተባልኩ። ተነሳሁ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ካድሬ ብዕሩን ይዞ ይጠብቀኛል።

«ያላደረግኩትን አድርጌያለሁ አልልም» አልኩ። «ስክሪኑ ከመምጣቱ በፊት እንደማይሠራ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተናግሬያለሁ። ሁላችሁም ሰምታችኋል። ስቃችኋል።»

አንድም ሰው ሰምቻለሁ አላለም። አብሬያቸው ምሳ የበላሁ ሴቶች ጫማቸውን ያያሉ። ከኋላ አንድ ሰው፣ «አስቀድማ መናገሯ ራሱ አስቀድማ ማቀዷን አያሳይም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ሌሎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አሻጥር የሚለው ቃል ከዚያ ተነሳ። አሻጥር ያኔ ከባድ ቃል ነበር፤ ሰው ተመልሶ ቤቱን የማያይበት ቃል።

ከአዳራሹ ቀጥታ ወደ ቀበሌ ወሰዱኝ።

የቀበሌው እስር ቤት ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ሴቶች የምንታሰርበት ጥግ ላይ አሁንም የጤፍ ብናኝ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ አለ። አልተደበደብኩም፤ ይህን የምለው ከኛ ጋር ታስረው የተደበደቡ ስለነበሩ ነው። በየቀኑ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁኛል። «ማን ነው የላከሽ?» ማንም አልላከኝም እላለሁ። «የጸሎት ቡድናችሁ የት ነው የሚሰበሰበው?» ዝም እላለሁ። ያኔ ነገሩ ስለ ስክሪን እንዳልሆነ ገባኝ። ስክሪኑ በር ነው የሆነላቸው።

እናቴ በየቀኑ ምግብ ይዛ ትመጣ ነበር። በር ላይ የሚቆመው አብዮት ጠባቂ ከኤጀርሳ በኩል የመጣ ኦሮሞ ነው። እናቴ «አካም ቡልቴ» ብላ ሰላምታዋን በኦሮምኛ ስትጀምር ፊቱ ይፈታል። ምግቡን ሳይፈትሽ ያስገባላታል። እኔን ግን አያየኝም። እናቴ በሽቦው በኩል እጄን ይዛ፣ «ልጄ፣ ጸልዪለት» ትለኛለች።

«ለማን?»

«ለዚያ ልጅ። ቤታችን ቁርስ በልቷል እኮ፣ ተማሪ ሳላችሁ።»

«ጸሎት አልቆብኛል እማዬ» አልኳት አንድ ቀን። አለቀሰች። እስር ቤቱ ያላስለቀሳትን እኔ አስለቀስኳት።

እኔ ከታሰርኩ በኋላ ኮምፒውተሯን በጭፍን የሚያሠራ አልተገኘም። ኃላፊው ሞክሮ ነበር አሉ፤ ግን ትእዛዞቹን እያየ እንጂ በቃሉ አያውቃቸውም። ሪፖርቱ ቀረ። መኪኖች ባዶአቸውን ቡልቡላ ሄደው ይመለሳሉ፣ አቦምሳ ያለው ቲማቲም ደግሞ ፀሐይ ላይ ይፈሳል። ከአዲስ አበባ ስልክ መደወል ተጀመረ።

አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ቀበሌ መጡ። ኮታቸውን በዚያ ሙቀት እንደለበሱ የጠባቂዎቹ ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ።

«ልጄ፣ ነይና ማሽኗን አስነሺልን» አሉኝ። «መለቀቂያሽን እኔ አስፈርሜያለሁ።»

«ጥፋተኛ ነች ተብዬ ነው ወይስ አይደለችም ተብዬ ነው የምለቀቀው?»

«እሱን ተይው አሁን።»

«እርስዎ ያን ዕለት ስብሰባው ላይ ነበሩ። ስናገር ሰምተውኛል።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ሰምቻለሁ» አሉ። «ስድስት ልጆች አሉኝ።» ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ግን ከክፉዎቹ መሐል ቆመው ዝም ሲሉ ልዩነቱ አይታይም።

«እሺ፣ እመጣለሁ» አልኳቸው። «ግን ስክሪኑን አልነካም። አንዲት ብሎን ብፈታና ቢቃጠል እንደገና እዚህ ነኝ። የሚከፍተው እሱ ራሱ ይሁን፤ እኔ እዚያ ቆሜ እነግረዋለሁ። እርስዎም ቁጭ ብለው ያያሉ።»

ተስማሙ። ሳልታጠብ፣ በዚያው ልብሴ፣ በመኪናቸው ቢሮ ወሰዱኝ።

ኃላፊው ሲያየኝ ዓይኑን አዞረ። ካቻቢቴ ይዞ የስክሪኑን ጀርባ ፈታ። ውስጡ ብዙ ነገር ነው፤ ሽቦ፣ ሰሌዳ፣ ከመስተዋቱ ጎን ደግሞ የጎማ ቆብ የደፋ ወፍራም ቀይ ሽቦ። ያ ሽቦ ሰው ይገድላል። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ማስተካከያዋ ብሎን ከሱ ብዙ አትርቅም፤ ሥዕሉ መቆሙን ለማየት ደግሞ ስክሪኑ በርቶ ነው የምትዞረው።

«ግራ እጅህን ኪስህ ክተት» አልኩት። «በአንድ እጅ ብቻ ሥራ።»

ከተተ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። አበራነው፤ ገጹ መሮጥ ጀመረ። እሱ ከጀርባ ስለሆነ ገጹን አያይም። እኔ ከጎን ቆሜ ገጹንም እጁንም አያለሁ። ማለትም ዓይኑ እኔ ነኝ።

«ወደ ቀኝ አዙር... ቀስ... ባሰበት፤ መልስ። ወደ ግራ።»

ገጹ ቀዘቀዘ። መሮጡን ትቶ መንሳፈፍ ጀመረ። እሱ የበለጠ ሊያይ ፈልጎ ጎንበስ አለ። ያኔ ነው ያየሁት፤ እጁ ላይ ከውጭ ያመጣት ባለ ብረት ማሰሪያ ሰዓት አለች። እጅጌው ወደ ላይ ሄዷል። ሰዓቷ ወደ ጎማው ቆብ እየተጠጋች ነው።

ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ሥራ አስኪያጁ ቁጭ ብለው ያያሉ፤ ካቻቢቴውን የያዘው እሱ ነው፤ እኔ ምንም አልነካሁም። ይህ ሁሉ በአእምሮዬ አለፈ፤ ትንፋሽ ለመሳብ በሚበቃ ጊዜ ውስጥ። አለፈ እንጂ አልቆየም።

«ቁም!» ብዬ ጮህኩ።

ደረቀ።

«ሰዓትህን አውልቅ።»

እጁን ቀስ ብሎ አወጣ፤ ሰዓቱን አየ፤ ቆቡን አየ። ከንፈሩ ነጣ። ሰዓቱን ፈትቶ መሬት ላይ አስቀመጠ። አመሰግናለሁ አላለም። እኔም እንዲል አልጠበቅኩም። ለሱ ብዬ አልነበረም የጮህኩት፤ እጄን በሰው ነፍስ ላለማቆሸሽ፣ ወደዚያ መጋዘንም ላለመመለስ ነው። ሁለቱም እኩል ነበሩ ብል እውነት ይሆናል።

ብሎኗን ትንሽ ጨመር አድርጎ አዞራት። ገጹ ቆመ።

ፊደሎቹ አጠር ብለው እንደተረገጠ ቂጣ ተጨፍልቀዋል፤ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ተርፏል። ግን ይነበባሉ። ሥራ አስኪያጁ ተነስተው እጃቸውን አጨበጨቡ፤ ብቻቸውን። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ያደረውን ሪፖርት መሥራት ጀመርኩ። በዚያው ቀን ማታ መኪኖቹ ስምሪታቸው ደረሳቸው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ኃላፊው የቴክኒክ ችግርን በራስ ኃይል በመፍታት ተብሎ የምስጋና ወረቀት ተሰጠው። እኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ወረቀቱን ሲቀበል አጨበጨቡለት። እኔ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ አየኝ፣ እንዳየኝም አወቅኩ። ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ ተዛወረ፤ በእድገት። እኔ በዚያች ኮምፒውተርና በዚያ የተጨፈለቀ ስክሪን ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ሠራሁ። የጸሎት ቡድናችንን ቦታ ማንም ከኔ አፍ አልሰማም። ይህች ብቻ ነች የምኮራባት።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ቸርቻችን ተከፈተ። አንድ እሁድ ከጸሎት ስንወጣ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከስቷል፤ ሥራውን አጥቷል ሲሉ ሰምቼ ነበር። እናቴ ቀድማ አወቀችውና አቀፈችው። ከዚያ ወደኔ መጣ።

«ያ ዘመን ሁላችንንም አስገድዶን ነው» አለኝ። «አንቺ ታውቂያለሽ።»

«አንተን ማንም አላስገደደህም» አልኩት። «ወንበር ስበህ ተቀምጠህ፣ አስበህበት፣ መርጠህ ነው ያደረግከው።»

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ጠይቀሃል፤ ሰምቻለሁ።»

እጁን ዘረጋ። አልጨበጥኩትም። ሰዎች እያዩን ነበር፤ ሽማግሌዎቹም እያዩን ነበር። ጋሪ ጠርቼ እናቴን ደገፍ አድርጌ አስቀመጥኳትና ሄድን። እሱ እዚያው በር ላይ ቀረ።

ቤት ስንደርስ እናቴ ነጠላዋን እያጠፈች፣ «ክርስቲያን እንዲህ አያደርግም» አለች።

«አያደርግም» አልኳት። «እኔ ግን አደረግኩ።»

በዚህ ነገር እስክትሞት ድረስ አልተስማማንም። እሷ በየማታው ስሙን እየጠራች ትጸልይለት ነበር፤ እኔ ከጎኗ ተንበርክኬ፣ ስሙ ጋ ስትደርስ አሜን አልልም።